ከባንዱ ፊት መርዶ ስጠብቅ

«እማዬ፣ ሮክ ያዩበትን ቀን ይንገሩን እስቲ» አሉኝ የልጅ ልጆቼ እርስ በርስ እየተጓሸሙ። ሊስቁብኝ ነው፤ ይሳቁ። እኔ እግሬ ማረፍ አያውቅም። የፃግብጂን ንግሥ፣ የእኛን የዋጉን ዝቋላ ገበያ፣ የጋዝጊብላን ሠርግ ሁሉ አዳርሻለሁ። እንደዚያ አዳራሽ መውጫ ያጣሁበት አገር ግን የለም።

ከሰቆጣ አዲስ አበባ የወረድኩት ትልቋን ልጄን ልጠይቅ ነበር። ትንሹ ወንድ ልጄ ዓረብ አገር ነው፤ በየሰንበቱ ሲደውል የኖረው ልጅ ድምፁ ጠፍቶብኝ ሰንብቷል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብቻ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከማንም ቀድሜ ብድግ እላለሁ።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ትልቋ የልጅ ልጄ ነጠላዬን አምጥታ «ይነሱ እማዬ፣ ጓደኞቼ ሙዚቃ አላቸው፣ እንሂድ» አለችኝ።

«የምን ሙዚቃ?»

«ሮክ ነው። ማንም ሳይቀጥራቸው በራሳቸው የሚጫወቱ ናቸው።»

«ቀጣሪ ያጡ አዝማሪዎች በይኛ!» ብዬ ሳቅሁ። እሷ ወደ መንገዱ አየች።

አዳራሹ በቀን ጨልሟል፤ መስኮቱ ሁሉ በመጋረጃ ተጋርዷል። ዓይኔ ሲለምድ የማየው ጥቁር ብቻ ሆነ። ሱሪው ጥቁር፣ ካናቴራው ጥቁር፣ የሴቶቹ ጥፍር ሳይቀር ጥቁር። ያኔ ድምፁ የጠፋው ልጄ ትዝ አለኝ።

በእኛ አገር ሰው መርዶ የሚረዳው ሳያውቅ ተጠርቶ ነው። ዘመድ አስቀድሞ ይሰበሰባል፣ በሌላ ሰበብ ያመጡሃል፣ መሃል ያስቀምጡሃል። ብትጠረጥር እንኳ «ማን ሞተ?» አትልም፤ ሞትን በአፍ መጥራት ነው። የሚያስታውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሁሉ በድንገት ይለሰልስልሃል።

እነዚያ ልጆች ደግሞ እንዴት ለሰለሱልኝ! ሁሉም ቆሟል፣ ለእኔ ብቻ ወንበር መጣ፤ እፊት፣ እመሃል። «እማማ፣ እዚህ ይመችዎታል?» ይላል አንዱ ጸጉረ ጨብራራ። ሌላዋ ውኃ አስያዘችኝ። ውኃ እኮ ተዝለፍልፎ ለሚወድቅ ነው የሚዘጋጀው! መርዶ ሲነጋጋ ነው እንጂ ከሰዓት በኋላ አይነገርም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። የከተማ ልማድ ሌላ ቢሆንስ?

ዞር ብል በሩን ዘጉት። ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ ነው አሉ። ከኋላዬ ሰው እንደ እህል ተከምሯል፣ ከፊቴ ከእኔ የሚረዝም ስፒከር ተገትሯል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ጠበቅሁ።

ድራሙ ሲመታ ደረቴ ውስጥ ገባ። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ፤ ልጆቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ዘለሉ፤ አጠገቤ አንዲት ልጅ እንባዋ ይወርዳል። እኔ የምጠብቀው ስም ነው። አልቃሽ የሟቹን ስም፣ አገሩንና ማሳውን ትጠራለች። ይሄኛው የሚጠራው የለም። አሁን ይጠራዋል፣ አሁን ይጠራዋል እያልኩ ወንበሩን ጨብጬ ቀረሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ያጨበጭባሉ፣ ያፏጫሉ፤ ለቅሶ ቤት ማን ያፏጫል? ግራ ገባኝ። እንደገና ጀመሩ። ልነሳ ብል በየት በኩል?

ሦስተኛው ዘፈን ሲያበቃ አልቻልኩም። የልጅ ልጄን እጅ ይዤ የማይባለውን አልኩ፦ «ልጄ ሞቷል?»

ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ አጎንብሳ ጉልበቴን ያዘች። «አልሞተም እማዬ! ደኅና ነው። ዘፈን እኮ ነው፣ ዘፈን ብቻ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጥቁር?»

ጸጉረ ጨብራራው ሰምቶ ኖሮ «እማማ፣ እድፍ ስለሚችልልን ነው!» አለ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬ መጣ። ነጠላዬን አቅንቼ ለበስኩ። ሰውን ሰንጥቆ መውጣት ግን አልተቻለም፤ ባንዱ እስኪያበቃ በዚያ ጩኸት ውስጥ ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ልጄ ደወለ። ታስሮ ኖሯል፤ ለቀቁት። እኔም ተመስገን ብዬ ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ፤ ነገሩ መሳቂያ ሆኖ ቀረ።

ዓመታት አልፈው ልጄ አገሩ ሲገባ ነው የልጅ ልጄ የነገረችኝ። ለካ ያን ጠዋት ሞቷል የሚል ስልክ መጥቶ ነበር። እኔ አዳራሹ ውስጥ ስቀመጥ ዘመዶቼ እናቷ ቤት ተሰብስበው ሲመክሩ ነበር፤ ሲነጋጋ ሊያረዱኝ ተስማምተው፣ እሷን «እስከዚያው ይዘሽልን ቆዪ» ብለዋታል። አልሞተም ስትለኝ የዋሸችኝ መስሏት ነው።

የሞተው በልጄ ስም የሚጠራ ሌላ የዋግ ልጅ ነው። መርዶው ወደ ዝቋላ ሄደ። እናቱን አውቃታለሁ፤ ከአዲስ አበባ በተመለስኩ ሰሞን ምንም ሳላውቅ ለቅሶ ደርሻታለሁ።