ሞልቶ የተቀዳ ሲኒ

ሶዲቅ ራሂሞቪች ኮሪዬቭ ማርች 16 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. በማርጊላን ከተማ፣ በቶላጋን አካ የሐር ሥራ ቤት በድር ቋጣሪነት ተቀጠረ። «አካ» በአገሩ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ቶላጋን አካ በዚያ ዕለት ስለ ሙያው አንዳች አልጠየቀውም።

«ሰው ሲሰድብህ ምን ታደርጋለህ?» አለው።

ሶዲቅ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሰዳቢው ትልቅ ሰው ከሆነ እሰማለሁ፣ አካ» ሲል መለሰ።

«ትልቁ እኔ ነኝ። በል ሥራህን ጀምር።»

ከሥራው ጋር በግቢው ጓሮ ያለችው ክፍል ተሰጠችው። ሚስቱን ሞሂራንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ገባባት። ሥራው ከቀረ ክፍሏም እንደምትቀር የነገረው ሰው አልነበረም፤ መነገርም አላስፈለገውም። ከዚያ ወዲያ ሶዲቅ የኖረው ያችን ክፍል ላለማጣት ነው።

የሐሩ ድር በመወጠሪያው ላይ ተዘርግቶ በከሰል ምልክት ይደረግበታል። ቀለም ሊነካው የማይገባው ቦታ ሁሉ በክር ጠብቆ ይቋጠራል፤ ድሩ ከቀለም ወጥቶ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስም ቋጠሮው አይፈታም። ሶዲቅ አፉንም እንዲሁ ቋጠረው። ቶላጋን አካ «እናትህ ስትወልድህ ቀለም መንከር ረስታለች፤ እንዲሁ ነጭ ክር ነህ» ሲለው ፈገግ ይላል። ስድቡ በማግሥቱ ሲደገም ደግሞ እንደ አዲስ ፈገግ ይላል።

ቶላጋን አካ ባለ አራት ማዕዘን ጥቁር ቆብ ነበረችው። ቆቧ ወደ ማጅራቱ ሸርተት ካለች የዕለቱ ስድብ ለጨዋታ ነው። ወደ ቅንድቡ ከወረደች ግን አንድ ሰው እንጀራውን ያጣል። ኒዮዝ ቦቦ የሚባሉት አዛውንት ሸማኔ ጠዋት ጠዋት በበሩ ቀዳዳ አጮልቀው ያዩና፣ «ልጆች፣ ዛሬ ቆቡ ወርዷል፤ ሁላችንም ድር መስለን እንወጠር!» ይላሉ።

ቶላጋን አካ ማንንም «ተባረሃል» ብሎ አያውቅም። እኩለ ቀን ላይ ሠራተኛው በሙሉ በሰፊው መደብ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በዚያ አገር ለተከበረ ሰው ከሲኒው ሥር ጥቂት ብቻ ይቀዳለታል፤ ደጋግሞ እንዲያስቀዳና እንዲቆይ። እስከ አፉ የተሞላለት ሰው ግን ጠጥቶ ይነሣል፤ አይመለስም። ቶላጋን አካ ሠራተኛውን የሚያሰናብተው በዚህ ነበር። ለመቅዳቱ ደግሞ የራሱን እጅ አላደከመም፤ በዓይኑ ያመለክታል፣ ሶዲቅ ይቀዳል። ሚስቱ ከወለደች ሳምንት ያልሞላው ቀለም ነካሪ ከሶዲቅ እጅ ሙሉ ሲኒ ተቀብሏል። ዓይኗ የደከመው ፈታይም እንዲሁ፤ እርሷስ ሲኒው መሙላቱን ያወቀችው ጣቷን ሲያቃጥላት ነው።

«አካ ያዝዛል፣ እጄ ይቀዳል፤ እኔ የለሁበትም» ይል ነበር ሶዲቅ። አብዛኛው ክፋት የሚፈጸመው «እኔ የለሁበትም» በሚሉ ሰዎች እጅ መሆኑን አላሰበበትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሞሂራ ታናሽ ወንድም ባህሮም በሶዲቅ አማላጅነት እዚያው ገብቶ ሸማኔ ሆነ። ወላጆቻቸው ቀደም ብለው ስለ ሞቱ ባህሮምን ያሳደገችው ሞሂራ ናት። እጁ ፈጣን ነበር፤ ምላሱም እንዲሁ።

በአንድ የበጋ ወቅት ከታሽከንት የመጣች ባለጸጋ ለልጇ ሠርግ የሚሆን ሐር አዘዘች። ድሩ ከቀዩ ቀለም በወጣ ዕለት ቶላጋን አካ ለሴትዮዋ ሊያሳያት ቸኮለና ሶዲቅን፣ «ፍታው» አለው።

«ገና እርጥብ ነው፣ አካ።»

«ፍታው አልኩ እኮ!»

ሶዲቅ ፈታው። ቀዩ ወደ ነጩ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ድሩን አይታ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ ቶላጋን አካ ቆቡን ቅንድቡ ላይ ደፍቶ ከመደቡ ራስ ተቀመጠ።

«እርጥብ ድር የፈታው ማን ነው?»

መልሱን የማያውቅ ሰው በመደቡ ላይ አልነበረም። ሶዲቅ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘ ቀረ። የሚያስበው ያችን የጓሮ ክፍል ነበር። ያን ጊዜ ባህሮም ቁራሽ ዳቦውን አስቀመጠ።

«እርስዎ ነዎት ያስፈቱት፣ አካ። ሶዲቅ እርጥብ ነው ብሎዎታል። እኔም ሰምቻለሁ፣ ኒዮዝ ቦቦም ሰምተዋል።»

ኒዮዝ ቦቦ ዓይናቸውን ወደ ዳቦው መለሱ። «እኔ ጆሮዬ ከደከመ ቆየ፣ ልጄ» አሉ።

ቶላጋን አካ ሳቀ። «ሶዲቅ! እውነት ነው የሚለው? እኔ ነኝ ያስፈታሁህ?»

ሶዲቅ ዝም አለ።

«አየህ ባህሮም? ጠበቃ የቆምክለት ሰው እንኳ አያውቅህም። ተናግረህ ጉሮሮህ ደርቋል። ሶዲቅ፣ ለአማችህ ሻይ ቅዳለት።»

ሶዲቅ ቀዳ። ከሲኒው ወገብ ሲደርስ ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገ።

«ምነው፣ ማንቆርቆሪያው ከበደህ? ልጁ ጠምቶታል እኮ!»

ሶዲቅ ጨመረ። ሻዩ እስከ ሲኒው አፍ ሞላ፤ ጥቂትም ፈስሶ የመደቡን ምንጣፍ ነካ። ባህሮም ትኩሱን ሻይ ሳይተነፍስ ጠጣው። ሲኒውንም በሶዲቅ ፊት ደፍቶ አስቀመጠና፣ «እህቴ ስትጠይቅህ እንደ ዛሬው ዝም እንዳትል» አለው። ከዚያ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ሞሂራ ወሬውን የሰማችው ከጎረቤት ነበር። ለእራት ሲቀርቡ አላለቀሰችም።

«ማን ቀዳለት?» አለችው።

«ታዝዤ ነው፣ ሞሂራ። እንቢ ብል ኖሮ ዛሬ አራታችንም መንገድ ላይ ነን።»

«ማን ቀዳለት ነው ያልኩህ።»

«እኔ።»

ማንቆርቆሪያውን አነሣች። ሲኒውን እስከ አፉ ሞልታ በፊቱ አኖረችው። ልጆቹ አዩ፤ ትርጉሙንም አወቁ። ሶዲቅ ጠጣው፤ አልተነሣም። የሚሄድበት አልነበረውም፣ እርሷም እንዲሁ። በማግሥቱም እስከ አፉ ቀዳችለት፤ ከዚያ በኋላ በዚያች ክፍል ውስጥ ጎደል ያለ ሲኒ ቀርቦለት አያውቅም። ታላቋ ልጅ አድጋ ባል ስታገባ አንድ እንግዳ ነገሩን አይቶ፣ «ሙሽሪት፣ አባትሽን ልታባርሩ ነው እንዴ?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። የሳቀለት ግን አልነበረም።

ባህሮም ወደ ሩሲያ ሄዶ በግንባታ ሥራ ተሰማራ። ለእህቱ አንድ ጊዜ ስልክ ደወለላት። ስልኩን ያነሣው ሶዲቅ ነበርና፣ ባህሮም ድምፁን እንደ ለየ ዘጋው።

ቶላጋን አካ በ2019 እ.ኤ.አ. ሞተ። ሶዲቅ ከቃሬዛው ተሸካሚዎች አንዱ ነበር። የሟቹ ልጅ ሥራ ቤቱን ሲረከብ ሶዲቅን ከነክፍሉ ባለበት ተወው።

ሶዲቅ ራሂሞቪች ኮሪዬቭ በቶላጋን አካ ሥር ሃያ አንድ ዓመት ሠርቷል። በዚያ መደብ ላይ በአሠሪው ትእዛዝ ሙሉ ሲኒ ሳይቀርብለት የቀረ ቋጣሪ እርሱ ብቻ ነው።