ቸኮለ የበላው ማር

ቸኮለን አንድ ተራ ቀን ምን ምን እንደሚያስከፍለው እንቁጠር። አንድ እንስራ ውሃ መጠጣት። ከእርፉ ላይ እጁን እያነሣ ዘጠኝ ጊዜ ወደ ቁጥቋጦ መሮጥ። እኩለ ቀን ሳይሞላ የሚዝል ጉልበት። ሲመሽ ደግሞ አንድ ውሸት፦ «ዛሬስ ወገቤን አሞኛል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር። ሚስቱ ያይኔአበባ ውሸቱን ታውቀዋለች፤ ዝም ትላለች።

ቡሬ አጠገብ ያለችው መንደራቸው ግን ዝም አትልም። በ1976 ዓ.ም. በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለ እህል ኮታ ሲወራ ቸኮለ ለሦስተኛ ጊዜ ሊወጣ ቢነሣ፣ ሊቀመንበሩ «ጓድ ቸኮለ፣ አብዮቱ በሽንት ሊቋረጥ ነው እንዴ?» ብሎ ሰዉን አሳቀበት። ቸኮለም አብሮ ሳቀ።

በሽታው ስኳር መሆኑን ካወቀ ሦስት ዓመቱ ነው። የነገረው የጤና ጣቢያ ድሬሰር ኪኒን ሰጥቶ «ጣፋጭ ተው» ብሎ ሸኘው። ቸኮለ መሬት መሬት እያየ «ሌላስ... ከቤት በኩል የሚያመጣብኝ ነገር አለ?» ሲለው ድሬሰሩ ገብቶታል። ፈገግ አለና «ቀጣይ!» ብሎ ሌላ በሽተኛ ጠራ። ያን ፈገግታ ባሰበው ቁጥር ቸኮለ ጥርሱን ያፋጫል።

ወንድነቱ ቀስ በቀስ ሲከዳው፣ ፍላጎቱም ጭምር ሲሞት፣ በሽታው ነው ያለው ሰው አልነበረም። ታላቅ እህቱ ሲሳይነሽ ግን መልስ አላጣችም። «ሚስትህ መተት አስነክታሃለች! በሬ የሚጥል ወንድሜ እንዲህ ሆኖ ይቅር?» ያይኔአበባ በር ላይ ቆማ ሰማች። ቸኮለም መስማቷን አየ። አፉን ቢከፍት ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ባለቀ። አልከፈተም። እሱ ስልብ ከሚባል እሷ መተተኛ ብትባል ቀለለው።

ሲሳይነሽ ከአንድ ደብተራ ዘንድ ሥር የተደቆሰበት ነጭ ማር አመጣች። የደከመ ወንድ በማር ይጠናል፤ በዚያ አገር ይህን የማይል የለም። ቸኮለ ስኳር እንዳለበት ለደብተራው አልነገረም፤ ማር መጀመሩን ለድሬሰሩ አልነገረም። ኪኒኑንም «የገደለኝ ይኸው ይሆናል» ብሎ ወረወረው። ማለዳ ማለዳ አንድ ኩባያ ማር! ሲሳይነሽ ያይኔአበባን ለማፋታት የጠራቻቸው ሽማግሎች ሊቀመጡ ሁለት ሳምንት ሲቀር ማሳው ላይ ወደቀ። ጎረቤት በቃሬዛ እስከ ቡሬ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረሰው። መኪናው ላይ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ የያዘችው ያችው «መተተኛ» ነበረች።

ሲነቃ አንድ ሐኪም አጠገቡ ተቀምጦ «ከባለቤትዎ ጋርስ እንዴት ነዎት?» አለው። በሦስት ዓመት ውስጥ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ነው። ቸኮለ ሁሉንም ነገረው። ሐኪሙም አስረዳው፦ ስኳር ሲቆይ ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፤ በብዙ ወንዶች ላይ ደግሞ ፍላጎትና ጉልበት የሚሰጠው የወንድ ሆርሞን ያንሳል።

«የማንም ሰው እጅ የለበትም። ሆርሞኑን የምንለካበት መሣሪያ እዚህ የለንም፤ ስኳሩ ከተስተካከለ ግን የተወሰነው ሊመለስ ይችላል። ማሩን ግን...»

«ማሩንማ ለንቦቹ እመልስላቸዋለሁ!» አለ ቸኮለ፤ ንዴቱ ከአልጋው ቀና አደረገው።

ሽማግሎቹ በተቀመጡ ቀን ከሁሉ ቀድሞ የቆመው እሱ ነው። «አባቶቼ፣ የተቀመጣችሁት በውሸት ነው። ሽንቴም፣ ድካሜም፣ የመኝታዬም ነገር አንድ በሽታ ነው። እሷ ምንም አላደረገችኝም። የበደልኳት እኔ ነኝ።»

«ኧረ እፈር! በሰው ፊት?» አለች ሲሳይነሽ።

«ሦስት ዓመት አፍሬ ነው ልሞት የነበረው!» ብሎ ጮኸባት።

ሽማግሎቹ አቀረቀሩ። ከመካከላቸው ትልቁ፣ አያ ይርሳው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ያ ሐኪም በየትኛው ቀን ነው የሚገኘው?» አሉ።

ያይኔአበባ አልተፈታችም። ይቅርም አላለችም። «እኔ ስሰደብ ምላስህ የት ነበር?» ትለዋለች እስከ ዛሬ፤ ኪኒኑን ግን ከነውሃው ፊት ለፊቱ ታስቀምጣለች። ጉልበቱም ጥቂት ጥቂት እያለ እየተመለሰ ነው።

ይህን ለሚያነብ ሰው ቸኮለ ያለው ይህ ነው፦ «ስኳር አለብህ ከተባልክ የመኝታህንም ነገር ለሐኪሙ ንገር። ካልጠየቀህ አንተ ጠይቀው፤ ፈገግ ቢልብህም መልስ ሳትይዝ ከወንበሩ አትነሣ። ሚስትህን የሚያማ ቢመጣ፣ እህትህም ብትሆን፣ እዚያው በሚስትህ ፊት ዝም አሰኘው። እባክህ፣ እንደ እኔ ሦስት ዓመት አትቆይ።»