በቀሌን የበላው የውሃ ቦይ

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ሐረር፣ ከጀጎል ውጭ ባለ አንድ ኮሌጅ አስተምር ነበር። ዛሬም ሰው ላይ ቂም ስይዝ ይቺ ነገር ትዝ ትለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ስቄ ግን ቂሜን አልተውም።

የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ በውሃ ፍሰት ላይ ነበር። ቦይ ውስጥ ውሃ እየተናወጠ ሲሄድ፣ ግድግዳው ላይ ብቻ ለክተህ መሃል ላይ ያለውን ፍጥነት በስሌት መገመት ነው ሥራው። ለዚሁ ብዬ ከእንጨትና ከመስታወት አንድ ቦይ ሠራሁ። ሦስት ወር ሙሉ መዶሻው ሚስማሩን ትቶ ጣቴን ሲቀጠቅጥ ከረመ።

የክፍላችን ኃላፊ ታፈሰ፣ ከዩኒቨርሲቲ እንግዶች እንደሚመጡ ሲሰማ ቦዬን የራሱ አድርጎ ሊያቀርብ ተነሳ። እንግዶቹ የሚመጡት ደግሞ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚወስዱትን አንድ መምህር ለመምረጥ ነው።

«እኔስ ታፌ?» አልኩት።

«አንተማ ውሃ ትሞላለህ አቦ! ስፖርትም ነው፤ ቦርጭህን እየው እስቲ» አለኝ፣ መምህራኑ ሁሉ ባሉበት። ሳቁብኝ። ቦርጬን ሳየው እኔም ሳቄ መጣ። ውስጤ ግን አረረ።

ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በራሱ እጅ የጻፈውን ስሌት ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ተሳስቷል፤ ያስገባው የውሃውን የራሱን ዝልግልግነት፣ ማለትም የተፈጥሮ ውፍረቱን ብቻ ነው። ውሃ ሲናወጥ አዙሪቶቹ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ስለዚህ ከግድግዳው ራቅ ሲል ውሃው እንደ ማር የወፈረ አድርገህ ካላሰላኸው፣ የመሃሉ ግምት ገደል ይገባል። ብነግረው አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ይባስ ብዬ «እንከን የለውም፣ ጎበዝ!» ብዬ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት።

ቀኑ ደረሰ። ባልዲዬን ይዤ ጥግ ቆምኩ። ግድግዳው አጠገብ ግምቱና ልኬቱ ገጠሙ፤ ታፈሰ ደረቱን ነፋ። መለኪያውን መሃል ሲነክረው ግን ሰማይና ምድር ሆኑ። እንደገና ነከረው። ያው ነው። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርድ ጀመር። እኔ ባልዲው ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ሳቅሁ።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ «የአዙሪቱን ድርሻ የት ጣሉት?» አሉት።

«እኔ አይደለሁም! ከዚህ ነው የገለበጥኩት» ብሎ ከቦርሳው አንድ ሃንድአውት መዘዘ።

ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አንዴ የገባ ወረቀት፣ ስም ያለበት ገጹ ይወልቅና ከመምህር መምህር ሲዞር ይኖራል። ሴትዮዋ ገለጥ ገለጥ አድርገው «ይሄ የማን የእጅ ጽሑፍ ነው?» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ዶሮ የጫረው የሚመስለውን ጽሑፌን የማያውቅ የለም። ከዓመት በፊት የጻፍኩት፣ ስህተቱን ሳላገኝ የተባዛ የመጀመሪያ ረቂቄ ነው!

«አርሜዋለሁ እኮ!» አልኩ።

«መቼ?»

«አምና።»

«ታዲያ ለባልደረባዎ ለምን አልነገሩትም?»

እንግዳ ፊት «ቦርጬን ስለሰደበው» ይባላል?

ሁለታችንንም ትተው ከሌላ ክፍል አንድ ጸጥተኛ መምህር መርጠው ሄዱ።

አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ቢሆንም ታፈሰ እዚያ ቦይ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያልበው ያየሁባትን ደቂቃ በዶክትሬት አልለውጣትም። እሺ፣ እለውጣታለሁ። ግን ተከራክሬ ነው።