የተሰነጠቀው ባሌስትራ

ቢምረው በይጋል ወርክሾፕ መጥረጊያ ከያዘ አራት ዓመቱ ነው። ወርክሾፑ እስራኤል አገር ቤር ሼቫ ከተማ፣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጎማ መጋዘን ጀርባ ነው፤ የሚጠገንበትም የሞተር መዶሻ ነው። የአንጥረኛው ክንድ እንዳይዝል በመብራት ኃይል እየተነሣ የጋለ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ማሽን ማለት ነው። አሮጌው ከየቦታው ተለቅሞ ይመጣል፤ ጊዲ የሚባለው መካኒክ ይፈታዋል፣ የሞተውን ክፍል ይለውጣል፣ አስነሥቶ ይሞክረዋል። ቢምረው ደግሞ የብረት ፍቅፋቂውን ይጠርጋል፣ የፈሰሰውን ዘይት ይወለውላል፣ ቆሻሻውን አውጥቶ ይደፋል።

እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው። ቢምረው የአንጥረኛ ልጅ፣ የአንጥረኛ የልጅ ልጅ ነው። ወገራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከወናፍ አጠገብ ሳይነሣ ማረሻና ማጭድ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። በፈረንጆች 1991 እስራኤል ገብቶ ከአውሮፕላን ወርዶ መዝጋቢዋ «ሥራህ ምን ነበር?» ብላ በአስተርጓሚ ስትጠይቀው ግን ምራቁን ሳይውጥ «ገበሬ» አለ። ገበሬ ተብሎ ተጻፈ። ዕድሜው ሃምሳ ለደረሰ ገበሬ ደግሞ ቤር ሼቫ ውስጥ ከመጥረጊያ በቀር ምን ይሰጡታል?

ለምን እንደዋሸ ለሚስቱ ለትብለጥ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ምን ትጠይቀው? አገር ቤት አንጥረኛ ማለት ቡዳ ማለት ነበር። ቀን ማረሻ ይሠራል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ያረፈበት ልጅ ታሞ ይሞታል ይሉ ነበር። የቡዳ ማረሻ ነው ብለው ግን አንድም ቀን ሳይገዙ ተመልሰው አያውቁም!

ከሁሉ የባሰው የአባቱ ነገር ነው። ቢምረው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ባለጸጋ ገበሬ ከሌላ ቦታ የገዛውን ማረሻ ሊያስል መጣ። አባቱ ማረሻውን በጠፍር አንጠልጥሎ በጣቱ አንኳኳው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና «ጌታዬ፣ ይህ ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ይሰበራልና ቢተዉት ይሻላል» አለው። ሰውየው ስቆ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማረሻው ድንጋይ ሲነካው ለሁለት ተከፈለ፣ አንዱ በሬ ደንብሮ ገደል ገባ። ከዚያማ አገር ምድሩ «ቡዳው ነው! በዓይኑ ሰበረው!» ብሎ ተነሣ። አባቱን ደበደቡት፣ ጎጆውን አቃጠሉበት። ቤተሰቡ ወናፉን ተሸክሞ ወደማያውቀው ቀበሌ ተሰደደ። አባቱ እስኪሞት ድረስ ለልጁ የደጋገመለት ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ «ብረቱ ራሱ ይንገራቸው። አንተ ዝም በል።»

ቢምረውም ዝም አለ። ስንጥቅ ያለበት ብረት ሲያመጡለት «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ይመልሳል እንጂ ይሰበራል ብሎ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

አሁን ወደ ጊዲ እንመለስ። ጊዲ ሰው ወዳድ ነው። ምሳ ሰዓት ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ለቢምረው ያቀብላል፤ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ዕብራይስጡን ቀስ እያለ፣ ቃል ቃሉን እየለየ ያናግረዋል፤ እንደ ይጋል ደንቆሮ ፊት የቆመ ይመስል አይጮህም። በ1997፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ይኸው ጊዲ አንድ አሮጌ መዶሻ አምጥቶ ከተጣለ የጭነት መኪና የተፈታ ባሌስትራ ገጠመለት። በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን መዶሻውን እያነሣ የሚወረውረው ባሌስትራው ነው፤ ሙሉ ጉልበቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቢምረው ባሌስትራውን ሲያይ የአገሩን ሰው ያገኘ ያህል ደስ አለው። ወገራም ቢሆን ጥሩ ማጭድ የሚወጣው ከመኪና ባሌስትራ ነበር። ረቡዕ ጧት ማሽኑ ከመሞከሩ በፊት አቧራውን እንዲወለውል ተነገረው። ወለወለ፤ እጁ አላስችለው አለና በጣቱ አንጓ ኳ አደረገው። ጤነኛ ባሌስትራ ሲነኩት ይዘፍናል፣ ድምፁም ቶሎ አይሞትም። ይኼኛው ድው ብሎ ቀረ። ቢምረው ደገመው። አሁንም ድው። ከሦስተኛው ንጣፍ ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ብረቱ ተሰንጥቋል። ዛሬ ይሰበራል ወይስ ነገ የሚለው ብቻ ነው የቀረው።

ጊዲ ከማብሪያው አጠገብ ሆኖ ያየው ነበር። «ማ ኮሬ፣ ቢምረው?» አለው። «ምን ሆንክ? ባሌስትራው ደህና አይደለም እንዴ?»

ቢምረው አፉን ከፈተ። የሚለውን ያውቀዋል፤ ሁለት ቃል ነው፣ ለእሱ ዕብራይስጥ እንኳ የሚከብድ አይደለም። ግን የአባቱ ፊት መጣበት፣ የተቃጠለው ጎጆ መጣበት። ተናግሬ ቢሰበርስ? ይህ ኢትዮጵያዊ በዓይኑ ሰበረው ቢሉስ? በዚህ አገር ቡዳ የሚባል ነገር የሰማ አንድም ፈረንጅ እንደሌለ ቢምረው አያጣውም። ፍርሃት ግን ስላወቁበት ብቻ ለቆ አይሄድም።

«ሀኮል በሴዴር» አለ። ሁሉም ደህና ነው።

ጊዲም ራሱን ነቅንቆ ወደ ማብሪያው ዞረ። ቢምረው የቆሻሻውን በርሜል ይዞ ወጣ። በርሜሉ ግማሹ ባዶ ነበር፤ ለምን እንደወጣ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ግቢው ውስጥ ቆሞ የመዶሻውን ምት ይሰማ ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ እየፈጠነ ሄደ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ገና ከመተንፈሱ እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ተሰማ፤ ቀጥሎ የጊዲ ጩኸት።

የተሰበረው የባሌስትራ ቁራጭ ከጊዲ ቀኝ እጅ ሁለት ጣት ወሰደ።

ቢምረውን የጠየቀው ሰው የለም። መጥረጊያ የያዘን ማን ይጠይቃል? ይጋል ባሌስትራውን ሰደበ፣ ራሱን ሰደበ። በማግሥቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ስብራቱን በመነጽር አየና ስንጥቁ የቆየ ነው፣ ከላይ በዓይን ሊታይ የሚችል አልነበረም ብሎ ጻፈ። ይጋል እጁን በቢምረው ትከሻ ላይ አሳርፎ «ማን ያውቅ ነበር? ማንም አያውቅም ነበር» አለው፤ ለማጽናናት ነው። ቢምረው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያ እጅ ትከሻው ላይ ከሚቆይ በአባቱ ላይ የወረደው ዱላ ቢወርድበት ይሻለው ነበር።

ማታ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ገብቶ እህል አልቀምስ አለ። ትብለጥ ብትለው ብትለው እምቢ ሲላት «ኧረ ምን ነካዎት?» አለችው። ነገራት። ምንም ሳያስቀር ነገራት። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ያየዎት አለ?» አለችው።

«የለም።»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ። ጣቱን አይመልሱለት። ለዚህች ልጅ ሲሉ ዝም ይበሉ።»

ይህች ልጅ ያለቻት ልጃቸው ኢንባል ናት፤ አገር ቤት ማንአለብሽ ትባል የነበረችው፣ አስተማሪዋ ስሟን የለወጠችላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወታደር ናት። አርብ ጧት ለሻባት፣ ለሰንበት፣ ወደ ቤት ስትመጣ ቢምረው ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሆስፒታል ይዟት ሄደ። ዕብራይስጡ ለገበያና ለአውቶቡስ ይበቃዋል እንጂ ለእንዲህ ያለው ነገር አይሆንም። እሷም ለሕመምተኛ ጥየቃ መስሏት የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ተከተለችው።

ጊዲ ቢምረውን ሲያይ ፊቱ በራ። በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ራስ ያከለውን እጁን አንሥቶ «ቦ፣ ቦ!» እያለ ወደ ወንበሩ ጠራው። ቢምረው አልተቀመጠም። ከአልጋው ግርጌ ቆመ፣ አንገቱን ደፋ።

«በይ ንገሪው» አላት በአማርኛ። «ባሌስትራው መሰንጠቁን አውቅ ነበር በይው። በጣቴ አንኳኩቼ ሰምቻለሁ። ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። ለምን ዋሸ ካለ፣ ቡዳ እንዳልባል ነው በይው።»

ኢንባል ደነገጠች። ቡዳ የሚለውን ቃል ከሰማች ስድስት ዓመቷ ነው። ምንጭ ላይ እንስራቸውን እየሸፈኑ ከእሷ ይሸሹ የነበሩት ልጆች አልተረሷትም። አባቷን አየች፣ ጊዲን አየች፣ ከዚያ ፈገግ ለማለት እየሞከረች በዕብራይስጥ፣ «አባቴ በጣም አዝኗል፤ እግዚአብሔር ይማርህ ይላል» አለች።

ጊዲ አመሰገነ። ቢምረው ግን ገባው። «አዝኗል» የሚለውን ሰማ፣ «ይማርህ» የሚለውን ሰማ፤ «ያውቅ ነበር» የሚለው ቃል የለበትም። በራሱ ሦስት ቀን ሲያፍር ከርሟል፤ አሁን ያፈረው ግን የተለየ ነበር። ልጁ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ጠብመንጃ በትከሻዋ አድርጋ፣ እንደ እሱ ፈርታ ዝም አለች። ይህን ያስተማራት ሌላ ሰው የለም። ልቆጣት ቢል በምን አፉ?

ጠጋ አለና ጣቱን ወደ ጆሮው ጠቆመ። «ጊዲ» አለ። «አኒ ያዳዕቲ።» እኔ አውቅ ነበር። የአልጋውን ብረት በጣቱ አንጓ ኳ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። «አኒ ያዳዕቲ፣ ጊዲ።»

የጊዲ ፈገግታ ጠፋ። «ላማ?» አለው። ለምን?

«አሁን ንገሪው ልጄ» አለ ቢምረው። «ቡዳ ምን እንደሆነ፣ አያትሽ ምን እንደደረሰበት ንገሪው። አንዲት ቃል እንዳታስቀሪብኝ።»

ኢንባል ጀመረች። ለቡዳ የሚሆን ዕብራይስጥ አጥታ «በዓይናቸው ነገር ይሰብራሉ የሚባሉ ሰዎች» አለች። ስለ ማረሻው፣ ስለ በሬው፣ ስለ ጎጆው ነገረችው። ጅብ ይሆናሉ የሚባለው ላይ ስትደርስ በጎን አልጋ የተኛው በሽተኛ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን አላቋረጠችም። እንባዋ እየወረደ እስከ መጨረሻው ነገረችው።

ጊዲ በፋሻ የታሰረ እጁን ተመለከተ። ከዚያ ኢንባልን ትቶ ወደ ቢምረው ዞረና፣ እንደ ልማዱ ቀስ እያለ፣ ቃል ቃሉን እየለየ ተናገረ፦

«አራት ዓመት ሙሉ ማሽን ሳስነሣ የማየው ፊትህን ነው። ግንባርህ ከተቋጠረ አጥፍቼ እፈትሻለሁ፤ አንድም ቀን ተሳስተህ አታውቅም። ረቡዕም ፊትህን አይቻለሁ። አይቼው ነው የጠየቅሁህ። ከዚያ አፍህን አመንኩ።»

ኢንባል እንባዋን ጠረገች፤ ለአባቷ ልትተረጉምለት ወደ እሱ ዞረች፤ ግን ከየት እንደምትጀምር ጠፋት።

«ተይው ልጄ» አለ ቢምረው። «ገብቶኛል።»