ከሮማኑ ሥር ያልተቀበረ ፀጉር

በሠርጉ ግቢ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይጨፍሩ ነበር። ሙከረምን፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ታላቅ እህት ለማለት «ኦፓ» የሚላትን፣ እምቢ እያለች ጎትተው አስገቧት። ዞር ዞር እንዳለች ረጅሙ ጉንጉኗ ከሻሿ ሥር ሾልኮ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ራሷም አላወቀች፣ ጨፋሪዎቹም ልብ አላሉ። ሻይ ታዞር የነበረችው ዙልኹመር ግን አየች። ልጅቷ በራዱን አስቀመጠች፤ የትከሻ ልብሷ እንዳመለጣት አስመስላ ጉንጉኑ ላይ ጣለችውና ሁለቱንም ባንድ ላይ አፈሰቻቸው። ከዚያ የኦፓን ክንድ ያዝ አድርጋ፣

«ኦፓ፣ ሻሽዎ ላልቷል። ውስጥ ገብተን ላጥብቅልዎ» አለቻት።

እኔ ይህን ያየሁት ዳቦ ልቀበል በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር ነው። ሰው የሰውን ነውር እንዲህ ሲሸፍን ማየት ከአላህ ስጦታ ነው ብዬ አለፍኩ። ከጉንጉኑ ጋር ሌላ ምን እንደተሸፈነ ያወቅኩት ኋላ ከሙከረም አፍ ነው።

በአገራችን በቁዋ ፀጉር ከተነሣ የሙከረም ስም አብሮ ይነሣል። ሐሙስ ሐሙስ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ግቢዋን ይሞሉታል። እርጎውን ፀሐይ ላይ ለብ አድርጋ ከሥር ጀምራ በጣቷ ጫፍ ታሸዋለች። ዳቦው ከምድጃ እስኪወጣ ራሳቸውን በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጣቸውና ለብ ባለ ውሃ ታለቀልቃቸዋለች። እርጥብ ፀጉር ማበጠሪያ አታስነካም። ሲደርቅ ጫፉን በኮክ ፍሬ ዘይት ነካ ነካ አድርጋ፣ ከታች ወደ ላይ እያበጠረች፣ ሳታጠብቅ ትጎነጉናለች። ከዚህ ሌላ ምስጢር የላትም፤ አለመሰልቸት ብቻ። ልጆቹ ጥጃ ጥጃ ሸተትን ብለው ሲነጫነጩ፣ ጥጃ እንኳ እናቱ ስትልሰው ዝም ይላል ትላቸዋለች። እናቶቹ መቼ ነው የሚረዝመው ብለው ሲጨቀጭቋት ደግሞ፣ እናንተ መለካት ስትተዉ ትላለች።

ፀጉሯ ያጠረባት ሴት ከጥቁር ክር የተሠራ ቅጥያ ጨምራ ትጎነጎናለች። ነውር የለውም፤ የአያቶች ጌጥ ነው። ሙከረም ግን፣ በእኔ እጅ ያለፈች ክር አያስፈልጋትም ስትል ኖራለች። ኋላ አንገቷ ላይ የተጠመጠመው ይኸው ቃሏ ነው።

ባሏ በሞተ ዓመት ትኩሳት ጣላት። ስትነሣ ፀጉሯ በማበጠሪያው እየታፈሰ ወጣ። እርጎውን ለራሷም ሳታቋርጥ ብትቀባ፣ ብትጠብቅ፣ መልሶ የበቀለው ሳስቶ ከትከሻዋ አላለፈም። ክር ብትቀጥል ማንም አይስቅባትም ነበር። ከገዛ ቃሏ በቀር።

እኛ ዘንድ ከማበጠሪያ የወጣ ፀጉር አይጣልም። ወፍ ጎጆ ከሠራችበት ባለቤቱን ራስ ምታት አይለቀውም ይባላልና ከፍሬ ዛፍ ሥር ይቀበራል። እናቶቹ ይህንንም ለሙከረም ትተውላታል፤ ግቢዋ ጥግ ሮማን አለ። አንድ ሐሙስ ልትቀብር የያዘችውን ፀጉር በእጇ ላይ አየችው። ረጅም፣ ጤነኛ፣ የሚያበራ። ቢስሚላህ ብላ አፈሩን ጫረች። ባዶ እጇን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተች፤ አፈሩን መለሰች። ፀጉሩ ኪሷ ውስጥ ቀረ። «የአላህን ስም በባዶ ጉድጓድ ላይ ጠራሁ» ስትለኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

እንዲህ እያጠራቀመች፣ ሥሩን ከሥር፣ ጫፉን ከጫፍ እያስተካከለች ጉንጉን ሠራች፤ ጥቁር ቀለም ውስጥም ነከረችው። እናቶቹ ሲያዩት፣ ይኸው የእርጎ ሥራ ተባባሉ። አንድ ቀን የዙልኹመር እናት መጣች። ልጇን ራስ ምታት አልለቅ ብሏታል።

«ኦፓ፣ ፀጉሯን ደህና አድርገው ቀብረውታል አይደል?»

«ከሮማኑ ሥር ነው» አለች ሙከረም። ፀጉሩ ጀርባዋ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በሠርጉ ቀን ዙልኹመር ጉንጉኑን መልሳ ልታስርላት ስትል እጇ ቆመ። ቀለሙ ከላይ ለቆ መዳብ የመሰለ ፀጉር ብቅ ብሏል። በሰፈሩ ከእሷ በቀር መዳብ ፀጉር ያላት ልጅ የለችም። ልጅቷ የራሷን ሹሩባ ወደ ፊት ስባ አጠገቡ አስተያየችው። ሙከረም ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በልቧ።

«ለካ የእኔ ወፍ እርስዎ ነዎት» አለች ዙልኹመር። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ከዚያ ጉንጉኑን አጥብቃ አሰረችላት። «አሁን ቢጨፍሩም አይወድቅም።»

ሙከረም ወሬው እስኪደርሳት ጠበቀች። ወሬ የለም። በሐሙሱ ዙልኹመር እንደ ወትሮዋ መጥታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ እርጎው ቀዝቅዟል ብላም ቀለደች። ሙከረም የዚያን ዕለት ከማበጠሪያው የወጣውን በሙሉ ቀበረች። ቀለል ሊላት ሲጀምር፣ አንዲት እናት የምታለቅስ ሕፃን ልጇን ይዛ የሙከረምን ጉንጉን እያሳየቻት፣ «እንደ ኦፓ እንዲሆንልሽ ዝም በዪ» አለቻት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙከረም የእኔን የጎረቤቷን ደጅ አንኳኳች። ሻሿን ፈታ ጉንጉኑን ጭኗ ላይ አኖረችውና ሁሉንም ነገረችኝ። እኔም፣ በይ ሄደሽ ቅበሪው፣ ዙልኹመርንም ይቅርታ ጠይቂያት፣ አላህ የሸፈነውን ለሰው አትግለጪ አልኳት።

«እሷንማ ጠየቅኋት» አለች። «እናቶቹስ? ይህን እያዩ አይደል ልጆቻቸውን የሚያስለቅሱት? እርጎው ያው ደግ ነው፤ ውሸታሙ ይሄ ነው።» ጉንጉኑን በጣቷ ገፋ አደረገችውና፣

«መናገሩን ሞክሬው ነበር፤ ምላሴ ይያዛል» አለች። «አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እህቴ። በሚመጣው ሐሙስ እናቶቹ ሳይበተኑ ነዪ። እርጎ አስተርፋለሁ። ሻሼን አውልቄ ግቢው መሐል እቀመጣለሁና፣ ሁሉም እያዩ የእኔን ራስ እጠቢልኝ።»