የእማማ አስካለ እሬት

ከጣሳው የወጣ እሬት ቁስሉ ሳይደርቅ ተክላችሁ ውሃ አጠጡት ብሎ ያስተማራችሁ ማን ነው? እኔን ማንም አላስተማረኝም። በራሴ ነው ያደረግኩት፤ ስድሳ ዓመትም ሲቆጨኝ ኖሯል።

ልጅ ሳለሁ ሐዋሳ ገና አዲስ ከተማ ነበረች። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ከሰሜን ተዛውሮ ስለመጣ ከፒያሳ ጀርባ፣ ሦስት ቤቶች አንድ ግቢ ከሚጋሩበት ቦታ ተከራይተን እንኖር ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት የእማማ አስካለ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው ረጅም ቀጭን ሴት ነበሩ። በረንዳቸው ከዳር እስከ ዳር ጣሳ ተደርድሮበታል፤ የሳልሳ ጣሳ፣ የወተት ጣሳ፣ ጎኑ የተጨረማመተ የዘይት ቆርቆሮ፤ በሁሉም ውስጥ እሬት። የሰፈሩ ሰው እጁ ሲቃጠል ወደዚያ በረንዳ ነው የሚሮጠው። እነዚያ እሬቶች በሙሉ የአንዷ ልጆች ነበሩ። እናቲቱ በዘይት ቆርቆሮው ውስጥ ያለችው ትልቋ ናት፤ እማማ ሲዳሩ ከእናታቸው ጓሮ ነቅለው በነጠላ ጠቅልለው ያመጧት። ከእናታቸው ቤት የቀረቻቸው እሷ ብቻ እንደሆነች በግቢው የማያውቅ አልነበረም።

ያኔ፣ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዶ ስታዘቀዝቅ፣ እማማ አስካለ የከሰል ምድጃቸውን በረንዳው ላይ አውጥተው ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የመጣ ዓሣ ይጠብሱ ነበር። ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ ፍሙ ላይ የሚንጠባጠበው የዓሣ ስብ ቸስ እያለ፣ ከምሰሶው ላይ የተሰቀለው ፋኖስ የእሬቶቹን እሾሃም ጥላ በግድግዳው ላይ እያስረዘመው፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን እግራቸው ሥር ቁጭ ብለን ተረት እንሰማለን።

ተረታቸው ግን እንደ ሌላ ሰው ተረት አልነበረም። የሚያወሩት እሬት ከጣሳ ወደ ጣሳ በሚያዛውሩበት ሰሞን ብቻ ነው፤ ይኸውም ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ ሲበረታ። ጣሳው በልጆቿ ሲጨናነቅ፣ ሥሯ ከታች ባለው ቀዳዳ ሲወጣ፣ ወይም ተክሏ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል «ይህቺ ቤት ጠቧታል» ይላሉ። አስቀድመው ለሳምንት ውሃ ይከለክሏታል። ከዚያ የጣሳውን ጎን መታ መታ አድርገው ያወጧታል፣ አፈሩን ያራግፋሉ፣ የጠቆረውን ሥር በቢላ ቆርጠው ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት ይነሰንሳሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ያወራሉ። ልክ ተረቱ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ሲደርስ እሬቷን ጥላ ውስጥ ባለ ጆንያ ላይ አስተኝተው እጃቸውን ይታጠባሉ። የቀረው የሚሰማው ቁስሏ ደርቆ ስትተከል ነው፤ ከአምስት ቀን በኋላ፣ አንዳንዴም ከሰባት።

«ከዚያስ፣ እማማ?»

«ከዚያማ ቁስሏ ይድረቅ።»

«ቁስሏ ከተረቱ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሁለቱም እርጥብ ናቸዋ!»

የዚያ ዓመት ተራው የትልቋ ነበር። ተረቱ ደግሞ የጉማሬዋ። ጉማሬዋ ሣር ልትግጥ ከሐይቁ ስትወጣ ልጇን ለአባ ኮዳ አደራ ትሰጣለች። አባ ኮዳን የሐይቁን ዳር ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ ራሰ በራ፣ ትከሻውን ሰብስቦ እንደ ለቅሶ ደራሽ የሚቆም ትልቅ ወፍ። አንድ ንጋት ላይ ስትመለስ ልጇ የለም። አባ ኮዳ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል። ታለቅሳለች፣ ውሃውን ታናውጣለች፣ በሐይቁ ዳር እስከ ቡሹሎ ሰፈር ሄዳ ትመለሳለች፤ እሱ ዝም። እዚህ ላይ እማማ አስካለ እሬቷን አስተኝተው ተነሱ።

በማግሥቱ ሻሸመኔ ዘመድ ሞቶባቸው ከልጃቸው ከአልማዝ ጋር ለለቅሶ ሄዱ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሰለሞን ቀኑን ሙሉ «አባ ኮዳ በልቶታል፣ ቀርጥፎ ነው የበላው» እያለ አስለቀሰኝ። በሁለተኛው ቀን እሬቷን ራሴ ልተክላት ቆረጥኩ። ከተተከለች እማማ እንደተመለሱ ተረቱን ሳይጨርሱ አያልፉም፤ የልጅ ሐሳቤ ይኸው ነበር። አዲሱ ቆርቆሮ ተበጅቶ ተቀምጧል፤ ከቀድሞው በሁለት ጣት ብቻ የሚሰፋ፣ መቀመጫው በሚስማር የተበሳሳ። አፈሩን ግን አላወቅኩበትም። እሳቸው ከሐይቁ ዳር የሚለቀመውን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል ድንጋይ ቀጥቅጠው ከአፈር ጋር ግማሽ በግማሽ ይደባልቁ ነበር። እኔ ከቧንቧው ሥር ጥቁር ጭቃ ዛቅኩ። ተክዬም አልተውኳት፤ የጠማት መሰለኝና እስኪመለሱ ድረስ ጠዋት ጠዋት በጣሳ ውሃ አጠጣኋት።

እማማ በስምንተኛው ቀን መጡ። «ተክዬልዎታለሁ! ከዚያስ?» እያልኩ ወደ በሩ ሮጥኩ። ቆርቆሮው ላይ ጎንበስ ብለው የታችኛውን ቅጠል ነካ ቢያደርጉት ተዝለፍልፎ እጃቸው ላይ ቀረ፤ የበሰበሰ ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ። አልተቆጡኝም። ቆርቆሮውን አቅፈው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ያን ማታ ምድጃው በረንዳው ላይ አልወጣም፤ በማግሥቱም። በዚያው ሳምንት አባቴ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ዕቃችን ጭነት መኪና ላይ ተጫነ። እማማ አስካለ ግንባሬን ስመው ተሰናበቱኝ፤ የጉማሬዋ ልጅ የት እንደደረሰ ግን ሳልሰማ ቀረሁ።

ሰለሞን ገና ከተማዋን ሳንለቅ «እሬት ገዳይ» ብሎ ስም አወጣልኝ። እናቴም በተቻኮልኩ ቁጥር «የሰው እሬት የገደልሽው በዚሁ ጠባይሽ ነው» ትለኝ ነበር፤ እስክትሞት ድረስ።

ካደግኩ በኋላ ስዊድን ሄጄ አርባ ዓመት ኖርኩ። የቤቱ ሁሉ መስኮት በእሬትና በእሬት ዘመዶች የተሞላ አገር ነው። እኔ አንድም አላሳደግኩም። ጎረቤቴ አንዲት ትንሽ ብትሰጠኝ በማግሥቱ ወስጄ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀመጥኳት። ማንበቡን ግን አልተውኩም። ስለነዚህ ውሃ ቋጣሪ ተክሎች የተጻፈ ያላገላበጥኩት መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ሁሉም በሦስት መቶ ገጽ የሚሉት እማማ አስካለ ዓሣ እስኪበስል ድረስ ያሳዩኝን ነው። የጉማሬዋን ልጅ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። ፈልጌው ነበር።

ከእማማ ልጅ ከአልማዝ ጋር በዓመት በዓል በስልክ እንጠያየቅ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን አፍሬ አንስቼባት አላውቅም። ዘንድሮ ጓዜን ጠቅልዬ ተመለስኩና ወደዚያ ግቢ ሄድኩ። በረንዳው ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች፤ አልማዝ ናት።

«ገኒ? የመምህሩ ልጅ? ውይ፣ ያ ሁሉ ጸጉርሽ የት ሄደ እቴ!»

«አንቺስ፣ እትዬ አልማዝ፣ ጥርስሽ?»

ተሳስቀን ሳንጨርስ ዓይኔ ከጥጉ ላይ አረፈ። በተቆረጠ በርሜል ውስጥ፣ ክንድ የሚያህሉ ቅጠሎች ያሏት፣ በልጆቿ የተከበበች እሬት።

«ይህቺ ከየት መጣች?»

«ከየት ትመጣለች? የእማዬዋ ናት እንጂ።»

«ገድያት የለም እንዴ?»

«አንቺ? ምን አቅም አለሽና!» አለች። እማማ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጠው ጥለው፣ የተረፈውን አናቷን ከሰል ነስንሰው ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት አድርቀው፣ ያለ ውሃ በደረቅ አሸዋ ተክለዋት ኖሯል። «በወሩ ሥር ያዘች። ለእናትሽ እኮ ወዲያው ጽፈንላታል። ‹ለልጅቷ አትንገሩብኝ፣ ትማርበት› ብላ መለሰች፤ እማዬም እሺ አለች። ሰለሞንማ ለሥራ ሲመጣ አይቷታል፤ ቅጠል ቆርጦም ወስዷል።»

«አንቺስ? ስንት ጊዜ በስልክ አውርተናል! ምነው አልነገርሽኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በርጩማ ስባ አስቀመጠችኝ። የጉማሬዋ ልጅ የት እንደነበረ ጠየቅኋት።

«ውሃው ውስጥ ነዋ! አባ ኮዳ እግር ሥር ተኝቶ። እሷ ከላይ ስትጮህ እሱ ታች እንቅልፉን ይለጥጣል። ‹ምነው አልነገርከኝ?› ብትለው ‹ማን ጠየቀኝ› አይላትም?»

የተናገረችውን ልብ አላለችም።

«እሷስ ምን አለችው?»

«ምን ትለዋለች፣ ልጇን ስታገኝ ደስ ብሏት ይቅር አለችው። እማዬ እዚያ ላይ ነበር የምትጨርሰው።»

በርጩማው ላይ እንደተቀመጥኩ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ እስካሁን ወደ ጆሮዬ ሰቅዬው እንደኖርኩ ያወቅኩት ያኔ ነው። አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። ከእሬቷ ልጆች አንዷን በቢላ ለይታ ሰጠችኝ። ቤቴ ወስጄ በጆንያ ላይ አስተኛኋት፤ አምስት ቀን፣ ሰባት ቀን፤ እጄ ወደ ውሃው እየሄደ፣ እየመለስኩት። የሐይቁን ድንጋይ ቀጥቅጬ ተከልኳት፣ ሌላም ሳምንት ጠበቅኩ። ዛሬ ጠዋት ከመሐሏ የጥፍር ጫፍ የሚያህል አዲስ ቅጠል ብቅ ብሏል። በእጄ የተከልኩት ነገር ሲበቅል የመጀመሪያዬ ነው።

ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ የዓሣው ጭስ፣ የፋኖሱ ብርሃንና እርጥብን ነገር እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ቀሎኛል፤ አልክድም። ጉማሬዋ ይቅር ማለቷ የራሷ ጉዳይ ነው። እኔ እናቴንም፣ እማማ አስካለንም፣ ሰለሞንንም፣ አልማዝንም፣ ያን ራሰ በራ ወፍም፣ አንዳቸውንም ይቅር አላልኩም። አልልምም።