የደምሰው ግማሽ ጥያቄ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናግሬያለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ስለ መጠጡ ተናዝዣለሁ፣ በጾም ስለበላሁት ሥጋም ተናዝዣለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ መስቀሉን ስሜ እነሳለሁ። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ዋሸሁ ብዬ በተገላገልኩ። እኔ ግን አልዋሸሁም። እኔ የተናገርኩት እውነት ነው፤ ሰው የበደልኩትም በዚያው እውነት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ቄስ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ቢሆንም ስማኝ።

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ ከተማ ነው። አባቴ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስለነበር ወር በመጣ ቁጥር ደመወዝ ቤታችን ይገባል። ኳስ ስወድ ታኬታ ተገዛልኝ፤ ሲጠበኝ ሌላ ተገዛልኝ። ጓደኛዬ ደምሰው ግን ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ የሚመጣ የገበሬ ልጅ ነበር። አባቱ ጋሽ ወልዴ በደርግ ጊዜ ዘምተው አንድ እግራቸውን እዚያው ትተው ተመልሰዋል። ስለዚህ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ የቤቱ አራሽ ደምሰው ነው። ቀኑን ገብስ ሲያጭድ ወይም ሲወቃ ውሎ፣ ገለባው ከጸጉሩ ሳይራገፍ ለልምምድ ይደርሳል። በወረዳው ቡድን እሱ አጥቂ፣ እኔ አቀባይና አምበል ነበርን።

ቀናሁበት። ሌላ ቃል አልፈልግለትም። መጀመሪያ በእግሩ ቀናሁ፤ እኔ አንድ ወር የለፋሁበትን አብዶ እሱ አንዴ አይቶ ይሠራዋል፣ ያውም በላስቲክ ጫማ። ቀጥሎ በስሙ ቀናሁ፤ ሜዳው ዳር የቆመው ሕዝብ የእሱን ስም ሲጠራ ኳሱን ያቀበልኩት እኔ መሆኔን የሚያስታውስ አልነበረም። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን አባቴ ነው። እኔ ስጫወት አንድ ቀን ብቅ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ የጋሽ ወልዴ ልጅ ይሰለፍ እንደሆነ ጠየቀኝና፣ ይሰለፋል ስለው ጋቢውን ደርቦ መጣ። እኔ ያን ቀን ሁለት ጎል አገባሁ። እቤት ስንገባ ለእናቴ ሲያወራላት ያመሸው ስለ ደምሰው አንድ ጎል ነበር። ከዚያ ወዲህ ደምሰውን የማቅፈው ጥርሴን ነክሼ ነው። እሱ ይህን የት ያውቃል? ወንድሜ ነበር የሚለኝ።

መሃል ሜዳ ከተማ የወረዳዎች ውድድር ሊደረግ ሲል፣ ከአዲስ አበባ ክለቦች የአንዱ አሰልጣኝ ተጫዋች ሊመለምሉ እንደሚመጡ ተሰማ። ወሬውን ለደምሰው የነገርኩት እኔ ነኝ። ከልምምድ በኋላ ልሸኘው ከከተማው ወጣ ብለን ነበር። እርምጃውን ገታና ዞሮ አየኝ።

«ስንት ይከፍላሉ?» አለኝ። ገለባውን ከጸጉሩ እያራገፈ ቀጠለ፤ «ለአባዬ አራሽ ለመቅጠር ይበቃል ወይ? እሱ ከተሟላልኝ ለኔ ዳቦም ይበቃኛል፤ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።»

ያኔ መሬት ከተሸጋሸገ ብዙም አልቆየም። ጦም ያደረ መሬት ለሌላ ይሰጣል የሚል ወሬ በየቀበሌው ይናፈስ ነበር። ጋሽ ወልዴ በአንድ እግር ማረስ አይችሉም። በኛ አገር ደግሞ አባቱ የደከመበት ልጅ በምትኩ የሚያርስ ሰው ሳያቆም ከቤት አይወጣም፤ ቢወጣ አባቱን ሜዳ ላይ እንደጣለ ይቆጠራል። ደምሰው የጠየቀኝ ኳስ የመጫወቻው መንገድ ይገኝ እንደሆነ ነው። ይህ ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ነበር ብል እዚህ ላይ ሁለተኛ ኃጢአት እጨምራለሁ።

ውድድሩን አሸነፍን። ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ አሰልጣኙ፣ ጋሽ ታምሩ፣ ወዳረፉበት ሆቴል አስጠሩኝ። የመንዝ ብርድ አንገላቷቸው የሆቴሉን ባለቤት የሱፍ ባና ተውሰው ተከናንበዋል። አንድ ልጅ ብቻ እንድወስድ ነው የተፈቀደልኝ አሉና፣ ከወረዳችን ደምሰውንና እኔን ለይተው እንደያዙ ነገሩኝ። የፊርማ ገንዘብ ተቀብለው ዓመት ሳይሞላቸው በሚኮበልሉ ልጆች ተቃጥለዋል። ስለዚህ በየሄዱበት አምበሉን ይጠይቃሉ።

«የልጁን እግር አይቻለሁ። ልቡን ንገረኝ» አሉኝ። «ኳሱን ነው የሚወደው ወይስ ብሩን?»

የምመልሰው አላጣሁም፤ ምላሹ እንደተዘጋጀ ነገር ከአፌ ወጣ።

«እውነቱን ልንገርዎት» አልኳቸው። «እርስዎ እንደሚመጡ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስንት ይከፍላሉ ብሎ ነው።»

አሰልጣኙ ሻያቸውን እያማሰሉ ቆዩ። ከዚያ ስለ እኔ ጠየቁኝ። በነጻም ቢሆን እጫወታለሁ አልኩ።

ይኸው ነው የሠራሁት። የደምሰውን ጥያቄ ከመሃሉ ቆረጥኩት። ግማሹን ለአሰልጣኙ ሰጠሁ፤ አባቱ ያለበትን ግማሽ ዋጥኩት። በነጻም እጫወታለሁ ያልኩት ማን ሆኜ ነው? የአባቴ ደመወዝ ታኬታ የሚገዛልኝ፣ በሬ ጠምጄ የማላውቅ እኔ! ገንዘብ አጥቶ የማያውቅ ሰው ገንዘብ መናቅ ምን ይከብደዋል? እኔ የገበሬውን ልጅ ገንዘብ ወዳድ አሰኘሁት፤ እኔ እሱን ከስሼ በእሱ ወንበር ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

በማግስቱ ጋሽ ታምሩ እኔን እንደመረጡ ተነገረ። ደምሰው አውቶቡስ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። ፊቱ ላይ ቅሬታ ፈለግሁ፤ ቢቀናብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ እኩል እንሆን ነበር። እሱ ግን የጉልበቴ ቁስል እንዳይመረቅዝ በጨው ውሃ እጠበው እያለ ይመክረኝ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ ዞር ብዬ አላየሁትም።

አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ተጫወትኩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በነጻም እጫወታለሁ ያልኩት እኔ ደመወዝ አንድ ቀን ሲዘገይ ቢሮ በር ላይ ቀድሜ የምቆም ሆንኩ። ሁለት ዓመት እንደተጫወትኩ ሌላ ክለብ የተሻለ ፊርማ ሲያቀርብልኝ ማልያዬን አውልቄ ሄድኩ። ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ተጫዋች ለእንጀራው መሥራቱ ነውር አይደለም፤ እኔም አሁን እንደዚያ ነው የማምነው። ታዲያ ለእኔ ነውር ያልሆነው ለደምሰው ለምን ነውር ሆነ?

ለፋሲካ አገር ቤት ስመጣ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ አገኘዋለሁ። ቁርጭምጭሚቱ የሜዳውን ጭቃ ለብሶ ይጫወታል፤ ሲሳሳት ይስቃል፣ ሲያገባ ይስቃል። እኔ ማንም በማይከፍልበት ሜዳ እግሬን ለጉዳት ላለመስጠት ዳር ቆሜ አየዋለሁ። እዚያም ቀናሁበት። ክለቡንም ፊርማውንም ይዤ፣ እዚያ ጭቃ ላይ በሚስቀው ሰው ቀናሁ። ከዚህ የባሰ ምቀኛ አይተህ ታውቃለህ?

የመጀመሪያውን ክለቤን ጥዬ የወጣሁ ዕለት ጋሽ ታምሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ ደክሟቸው ነበር የሚያወሩት።

«አንተ ብቻ የመሰከርክ መሰለህ?» አሉኝ። «ስላንተም ያንን ልጅ ጠይቄዋለሁ። ምን አለኝ መሰለህ? ‘የከተማ ልጅ ስለሆነ ትንሽ ይቀብጣል እንጂ ኳስ ነፍሱ ናት፤ ይውሰዱት። ሁለታችንንም የሚወስዱን ከሆነ ደግሞ እኔ አጠገቡ ሆኜ አበረታዋለሁ።’ እኔም በሱ ቃል ወሰድኩህ።»

ስለ ራሱስ አልጠየቁትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የሱን ነገር አንተ ጨርሰህልኝ የለም እንዴ አሉኝ። እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ፤ ስለ ጋሽ ወልዴ፣ ስለ መሬቱ፣ ስለዋጥኩት ግማሽ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አዲሱ ክለብ እንዳይሰማ ፈራሁና ዘጋሁት። ጋሽ ታምሩ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ጋሽ ወልዴም አርፈዋል። ደምሰው አሁንም ያርሳል፤ ግራ ጉልበቱ እምቢ ስላለው የሚጫወተው በረኛ ሆኖ ነው። እኔ ጫማ ሰቅዬ ሞላሌ ተመልሻለሁ። እሑድ እሑድ ዲሽ ባለበት ቡና ቤት ተሰብስበን የውጭ ጨዋታ ስናይ፣ ሰዉ የዛሬ ተጫዋቾች ገንዘብ እንጂ ኳስ አይወዱም እያለ ይፈርድና ወደ እኔ ይዞራል፤ ክለብ የተጫወትኩ እኔ ነኛ። እኔ ሻዬን አማስላለሁ። በዚህ መሃል ደምሰው ትከሻዬን ይዞ ለማያውቁኝ ያስተዋውቀኛል። «ይሄንን ሰው ላሰልጣኙ የመሰከርኩለት እኔ ነኝ» ይላቸዋል፤ ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የሚለው፣ ሁልጊዜም ፊቱ ይበራል። እኔ አዲስ አበባ የተጫወትኩትን ስምንት ዓመት ከራሱ እንደወጣ ነገር ይቆጥረዋል።

ብነግረው እኔ ይቀለኛል፤ እሱ ግን በኳስ የቀረችውን አንዲት ኩራት ያጣል። ባልነግረው በሰረቅሁት ላይ ምስጋና እየተቀበልኩ እኖራለሁ። ዝምታዬ ለእሱ ማዘን ነው እንዳልል ራሴን አውቃለሁ፤ ፍርሃትም አለበት፣ ዛሬም ያልሞተ ቅናት አለበት። እኔ ስለ እሱ ስጠየቅ ያላገኘሁትን ቃል እሱ ስለ እኔ ሲጠየቅ ሳይፈልግ አገኘው። እስከዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው።

አንተን ይቅር በለኝ አልልህም። የበደልኩህ አንተን አይደለም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው እሑድ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ሻዬን ሳይቀር እሱ ነው የሚከፍልልኝ።